ወደ ደንበኛው የዞረው ስክሪን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ኮምፒውተሩን ባበራሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ሙሉ በሙሉ አላወራሁትም። የምጽፈውም ብቻዬን ይዤው መዞሩ ስለከበደኝ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ።

ቡታጅራ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሰው በስልኩ ይዞ የሚመጣውን ፎቶ በወረቀት አወጣለሁ፤ የሠርግ ጥሪና የሱቅ ማስታወቂያም እሠራለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ስክሪኖች አሉ። አንዱ ወደ እኔ የዞረ ነው፤ የምሠራው በሱ ነው። ሌላው ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ወደ ደንበኛው ወንበር ያያል። ሰው ተቀምጦ ፎቶውን እያየ የወደደውን እንዲመርጥ ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግኩት። ሁለቱም ከአንድ ኮምፒውተር ጋር የተያያዙ ናቸው። እኔ የምሠራው በእኔ በኩል ይቀራል፤ ለደንበኛ ላሳይ የፈለግኩትን ብቻ በማውዝ ጎትቼ ወደዚያኛው አሳልፈዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያደራጀልኝ ወልቂጤ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰው የሚያመጣው ፍላሽ በቫይረስ ሲያስቸግረኝ የቀድሞውን አጥፍቶ ሌላ ሲስተም ጫነልኝ። መጀመሪያ ግራ ቢገባኝም እየቆየ ለመድኩት። ከበድ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እሱ ጋ እደውላለሁ።

እትዬ ብርቄ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ባላቸውን በጊዜ ነው ያጡት። ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ እየተረከቡ ገበያ ላይ ይሸጣሉ፤ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዚያው ነው። ግርማና ሰናይት ይባላሉ። ግርማ እዚሁ ባጃጅ ይነዳል። ሰናይት ገና ልጅ ሳለች አረብ አገር ሄዳ እዚያው ቀረች።

ሰናይት ፎቶ የምትልከው በግርማ ስልክ ነበር። እትዬ ብርቄ ግን ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ፎቶ አይመስላቸውም። የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ከደንበኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ካገኙት ራሳቸው ቁልፉን ተጭነው ያበሩታል። ከዚያ አንድ በአንድ አይተው የወደዱትን ያስወጣሉ። ሰናይትን በአካል የማስታውሳት በደብዛዛው ነው፤ ትምህርት ቤት ከእኔ ከፍ ትል ነበር። ፊቷን ግን ከራሴ እህት ፊት የበለጠ አውቀዋለሁ። የላከችውን ሁሉ ብርሃኑን ያስተካከልኩ፣ ያሳመርኩ፣ ያወጣሁ እኔ ነኝ። እየቆየች ስትከሳም፣ መልሳ ስትወፍርም፣ ፀጉሯን ስታሳጥርም አይቻለሁ።

ያን ዕለት ጠዋት ገና ሱቁን እየጠረግኩ ግርማ መጣ። ሰላም ሲለኝ ድምፁ ልክ አልነበረም። ሳይቀመጥ ስልኩን ከፍቶ ሰጠኝ። ሰናይት በአንድ በዓል ቀን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር የተነሣችው ነው። እየሳቀች ነው።

«እሷን ብቻ አውጥተሽ በትልቁ ሥሪልኝ» አለኝ።

እናቱ የላኩት መስሎኝ ለእትዬ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በሩን መለስ አደረገና ነገረኝ። ሰናይት ታማ ሆስፒታል ከገባች በኋላ አልተነሣችም። እዚያ አብራት የምትሠራ ልጅ ናት ደውላ ያረዳችው። አስከሬኗን ለማምጣት አዲስ አበባ ያለው አጎታቸው እየተሯሯጠ ነው። እናቱ አልሰሙም። አጎቱና ዘመዶቹ ማታ ይገባሉ፤ መርዶው ነገ ንጋት ላይ ነው። ፎቶው ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ስለሆነ እስከ ማታ እንዲደርስለት ለመነኝ።

«እስከ ነገ ካንቺ አይውጣ» አለኝ። እንደማይወጣ ነገርኩት። ሲወጣ ባጃጁን ለማስነሳት ብዙ ጊዜ ሞከረ።

ሥራውን ጀመርኩ። ጓደኞቿን አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣሁ። አንዷ ትከሻዋን አቅፋት ስለነበር እሱን ማጥራት ጊዜ ወሰደብኝ። በየመካከሉ ሰው ሲገባ ፎቶውን ዝቅ አድርጌ እደብቃለሁ፤ ሰው ሲወጣ መልሼ እከፍታለሁ። ፊቷን በቅርበት ሳየው የሞተ ሰው ፊት መሆኑን አእምሮዬ አልቀበል ይለኝ ነበር። አስቀድሜ የማውቀው ሳቅ ነው።

ምሳ ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ወዲያው ተመለሰ። ኮምፒውተሩን መልሼ ሳበራው ግን ነገሩ ሁሉ ተገለባብጦ አገኘሁት። ከስክሪኑ ግርጌ የሚዘረጋ ባር አለ፤ የተከፈተው ፕሮግራም ሁሉ እዚያ ላይ ይደረደራል፤ ወንድሜ ፓነል ይለዋል። እሱ ከእኔ ስክሪን ላይ የለም። ባዶ ሰማያዊ መደብ ብቻ ነው የሚታየኝ። ፎቶውን ስከፍተው እሱም አይታይም። ተከፍቷል፤ ግን የት እንደተከፈተ አላውቅም።

ተነሥቼ በጠረጴዛው ዙሪያ ሄጄ የደንበኛውን ስክሪን አየሁ። ፓነሉም እዚያ ነው፤ ሰናይትም እዚያ ናት። ስክሪኑን ሞልታ ወደ ባዶው ወንበርና ወደ በሩ እየሳቀች ነው። በሩ ክፍት ነበር። ደንግጬ የስክሪኑን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁት።

ይሁን እንጂ ስክሪኑን ማጥፋት ምንም አልጠቀመኝም። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ መጥፋቱን አያውቅም፤ እንዳለ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። የከፈትኩት ነገር ሁሉ ወደዚያ ወደጠፋው ስክሪን ይሄዳል። የማውዙ ቀስት ከእኔ ስክሪን ጠርዝ አልፎ ጨለማው ውስጥ ይገባና አጣዋለሁ። ኬብሉን ከኋላ ነቀልኩት። ያን ጊዜ ፓነሉ ከሁለቱም ጠፋ። መልሼ ሰካሁት። በእጄ ጎትቼ ላምጣው ብዬ ስታገል ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆነ፤ ሰዓቱ በእኔ በኩል፣ ሌላው በዚያኛው።

ለወንድሜ ደወልኩ። ክፍል ውስጥ ስለነበር ቀስ ብሎ ነው ያወራኝ። ስለ ፎቶው አልነገርኩትም። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የእኔን ስክሪን ዋና እንዳደርገው ነገረኝ፤ የደንበኛውን ለአፍታ አብርቼ አደረግኩና መልሼ አጠፋሁት። ፓነሉ ግን አልመጣም። ቀጥሎ የፓነሉን የቆየ አቀማመጥ አጥፍቼ፣ የምሠራውን ሴቭ አድርጌ፣ ከሲስተሙ ወጥቼ እንድመለስ አዘዘኝ። አዲስ ሆኖ በትክክለኛው ስክሪን ላይ ይመጣል አለኝ። እሱ እንዳለኝ አደረግኩ። የሰናይትን ፎቶ ሴቭ አድርጌ ወጣሁና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ መንኮራኩር ስትሽከረከር በር ላይ ድምፅ ሰማሁ።

እትዬ ብርቄ ናቸው። ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ለመታወቂያ እድሳት ጉርድ ፎቶ አምጪ ተብለው ነው የመጡት። ከገበያ ነው የመጡት፤ ነጠላቸው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ግንባሬን ስመው እንዴት እንደዋልኩ ጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ግርማ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀምስ እንዳላቸው፣ ምናልባት ከሰው ተጋጭቶ እንደሆነ እኔ የሰማሁት ነገር ካለ ጠየቁኝ። አልሰማሁም አልኩ።

ቶሎ ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ወዳለው ማንሻ ክፍል ወሰድኳቸው። አቀማመጣቸውን አስተካክዬ አነሳኋቸው። ጉርድ ፎቶ ላይ እንደማንኛውም ሰው ኮስተር አሉ። እሳቸው መነጽራቸውን እስኪያደርጉ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ከሩቅ ሳየው ፓነሉ በእኔ ስክሪን ግርጌ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ተስተካክሏል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሁሉ መሃል ደስ አለኝ። ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ ልሰካው ጎንበስ አልኩ።

ሲስተሙ ስትወጪ ተከፍቶ የነበረውን ነገር ስትመለሺ ራሱ መልሶ እንደሚከፍት፣ የሚከፍተውም ቀድሞ በነበረበት ቦታ እንደሆነ፣ ወንድሜ በማግሥቱ ነው ያስረዳኝ። ያኔ አላወቅኩም። የእኔ ስክሪን ንጹሕ ስለነበር ሁሉም የተዘጋ መሰለኝ።

እትዬ ብርቄ ከወንበራቸው ተቀመጡ። «ይሄ ደግሞ ለምን ጠፋ» ሲሉ ሰማሁ። ቀና ስል እጃቸው ከቁልፉ ላይ ነበር።

እሳቸው የሚያዩትን አላየሁም፤ ከእኔ በኩል የሚታየው የስክሪኑ ጀርባ ነው። የበራው ፊታቸው ነው። በመነጽራቸው ውስጥ፣ በሁለቱም መስታወት ላይ፣ ሰናይት ትንንሽ ሆና ስትስቅ ይታየኝ ነበር።

ጥቁር ሪባኑን ገና አላደረግኩበትም። ስምም ዓመተ ምሕረትም የለበትም። ነጭ መደብ ላይ የምትስቅ ልጅ ብቻ ናት።

እትዬ ብርቄ ጣታቸውን ዘርግተው ስክሪኑ ላይ ጉንጯን ነካ አደረጉ።

«ይቺን አላየኋትም» አሉ። «ግርማ ነው ያመጣት?»

አዎ አልኩ።

«ለመስቀል ልትመጣ ነው እንዴ?»

መልስ አልሰጠሁም። እሳቸው ግን ዝምታዬን አዩና ፊታቸው ሁሉ ተለወጠ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ግርማ ለምን እንደተለወጠባቸው፣ ለምን ከሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት እንደፈራ አሁን ገባቸው። ድንገት ሊያስደስቷቸው ነው የተደበቁት። አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸውም ትናንት ደውሎ ሰሞኑን እመጣለሁ ያላቸው ለካ ከሷ ጋር ሊመጣ ነው። ይህን ሁሉ እሳቸው ናቸው የተናገሩት፤ እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

«ግድ የለሽም፣ አትንገሪኝ» አሉኝ። «እኔም አላየሁም። እንዳየሁ ለግርማ እንዳትነግሪው፤ ደስታው ይበላሽበታል።»

በእኛ አገር እናትን ሱቅ ውስጥ፣ ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ልጅሽ ሞታለች የሚላት የለም። የሚደግፍ ሰው በግራም በቀኝም ይኖራል። ያን እያሰብኩ ነው ዝም ያልኩት። ሌላ ምክንያትም አለ፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሊሄዱ ይነሣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሌላ ነገር አመጡ። ከሰናይት ጋር የተነሡት ፎቶ እንደሌላቸው፣ ያለውም እሷ ሕፃን ሳለች የተነሡት እንደሆነ ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ለጎረቤታቸው የሞተ ባሏን አጠገቧ አድርጌ ሠርቼላት አይተዋል። «እኔንም ከጎኗ አድርጊኝ» አሉ። ጉርድ ፎቶው ላይ ኮስተር ስላሉ ሌላ እንዳነሳቸው ጠየቁኝ። እንደገና ከመጋረጃው ኋላ ገባን። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ካሜራውን ሳነሳ እየሳቁ ነበር። ሳቁ እስኪያልፍላቸው እንድጠብቅ ነገሩኝ፤ ግን አላለፈላቸውም። እየሳቁ አነሳኋቸው።

ከዚያ እየተመለከቱኝ ሠራሁት። የሰናይት ጓደኛ ተቆርጣ የወጣችበት ትከሻ ባዶ ስለነበር የእናቷን ትከሻ እዚያ ላይ አሳረፍኩት። ብርሃኑን አመሳሰልኩ። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ሳቅ ነው ያላቸው፤ ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። ማውዙ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፎቶውን እንዳላወጣው፣ ሰናይት ስትመጣ ሁለቱም መጥተው እንደሚወስዱት ነገሩኝ። ጉርድ ፎቷቸውን ይዘው፣ ምርቃት እያዘነቡልኝ ወጡ። በመስኮቱ ሳያቸው ዝናቡ ገና አላባራም፤ ጃንጥላቸውን መዘርጋት ረስተውታል።

ለግርማ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። እናቱ አትንገሪው ቢሉኝም ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን እንዳልኳቸው ነው። ምንም አልኩት። አሁን ሄዶ ብቻውን ሊነግራቸው እንደማይችል፣ አጎቱ ገና መንገድ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ያለው አማራጭ እስከ ንጋት መጠበቅ ነው። ትልቁን ፎቶ እንድጨርስለት አስታወሰኝ። ከዚያ በኋላ በዚያው ፎቶ ጥግ ላይ ጥቁሩን ሪባን አደረግኩ፤ ስሟንም ጻፍኩ።

እትዬ ብርቄ ከሰዓት በኋላውን እንዴት እንዳሳለፉት የሰማሁት ከጎረቤቶቻቸው ነው። ገበያ አልተመለሱም። ቤቱን ጠራርገው የመስኮቱን መጋረጃ ቀየሩ። ለበዓል ያስቀመጡትን ቅቤ አወጡ። የሰናይትን አልጋ በአዲስ አንሶላ አነጠፉ። ጎረቤታቸው እንግዳ አለብዎት ወይ ብትላቸው፣ መስቀል አይደለም ወይ ብለው ሳቁባት።

ሊነጋጋ ሲል ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሄድኩ። አጥራቸው ሥር ሰው ድምፁን አጥፍቶ ተሰብስቧል። የግርማ አጎት መኪና በሩ ፊት ለፊት ቆሟል። ግርማ በሩን አንኳኳ። ወዲያው ተከፈተ፤ ተኝተውም የነበሩ አይመስለኝም። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ፀጉራቸው ተሠርቷል።

በዚያ ሰዓት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ያየ ማንም ነገሩ ይገባዋል። እሳቸው ግን መጀመሪያ እኛን አላዩንም። ከግርማ ትከሻ በላይ፣ ከፊት ከቆሙት ሽማግሌዎች በላይ አሻግረው ወደ መኪናው አዩ። እየሳቁ ነበር። የመኪናው በር ተዘግቷል። ሌላ የሚወርድ ሰው እንደሌለ እስኪያረጋግጡ ድረስ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ላይ አላነሱም። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኛ መለሱት። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። ከሰው ኋላ ቆሜ የነበርኩትን እኔንም አዩኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ሲያለቅሱ ደጋግመው «ትናንት አየኋት፤ ትናንት ስቃልኝ ሄደች» ይሉ ነበር። ሰው ሐዘን ያናገራቸው መስሎት አጽናናቸው።

አስከሬኗ መጥቶ ከተቀበረች በኋላ ይህ ቃል ከተማው ውስጥ ሌላ መልክ ያዘ። ሰናይት መርዶዋ ሊነገር ሲል ለእናቷ ታይታ ተሰናብታቸው እንደሄደች ማውራት ተጀመረ። አንዱ ገበያ መሃል ነው ያዩዋት ይላል፤ ሌላው ቤታቸው በር ላይ፣ ነጭ ለብሳ ነው ይላል። አንዲት ሴትዮ ከዚያው ከደንበኛው ወንበር ተቀምጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወተችኝ። እኔ ፎቶዋን እያስተካከልኩ ሰማኋት። አይደለም፣ እንዲህ ነው የሆነው አላልኩም። ብልስ ምን እላለሁ። አየኋት ማለታቸው ውሸት አይደለም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ እትዬ ብርቄ መጡ። ከስተዋል፤ ጥቁር ለብሰዋል። ከወንበሩ ተቀመጡ። ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር፤ አልነኩትም።

ያቺን ፎቶ አጥፍቼያት እንደሆነ ጠየቁኝ። አላጠፋሁም። ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ቀን ሳስብበት የነበረውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መብራቱ እንደሄደ፣ ባሩ ወደሳቸው ስክሪን እንደዞረ፣ ኬብሉን እንደነቀልኩ፣ ወንድሜ የነገረኝን፣ ሲስተሙ ተከፍቶ የነበረውን መልሶ እንደሚከፍት። ሐኪሙን እንደሚያዳምጥ ሰው አዳመጡኝ።

«ከዚያ በፊት እንደዚህ ሆኖ ያውቃል?» አሉኝ።

አያውቅም አልኳቸው።

«ከዚያ ወዲህስ?»

ከዚያ ወዲህም አልሆነም። እውነቴን ነው። ስንት ጊዜ መብራት ሄዶ መጥቷል፤ ፓነሉ ካለበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ መሞቷን ያን ዕለት አውቅ እንደነበር ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አነሱብኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ይቅር ያሉኝም አይመስሉም። የሰናይትን አልጋ ያን ዕለት እንዳነጠፉት እስካሁን እንዳላነሱት፣ ሊያነሱት ገብተው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። ከዚያ ፎቶውን እንዳወጣላቸው ጠየቁ። ሌላ ላንሳዎትና በዚያ ልቀይረው ወይ አልኳቸው፤ የሐዘን ቤት ግድግዳ ላይ እንደዚያ የሚስቅ ሰው የሚከብዳቸው መስሎኝ ነው።

«እንዳለ ስጪኝ» አሉ።

አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ነጠላቸው ውስጥ አደረጉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነበር» አሉኝ። «በደስታ መስሎኝ።»

ባለፈው መስቀል ሙት ዓመቷም ካለፈ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል። ፎቶው በትልቅ ፍሬም ከመቀመጫው በላይ ተሰቅሏል። ለቅሶውን በቦታው ያልደረሰች አንዲት የሩቅ ዘመድ ቀና ብላ አየችውና ተገረመች። ሰናይት ከሄደች በኋላ መጥታ እንደነበር አልሰማሁም አለች። መቼ ነው የመጣችው ብላ እትዬ ብርቄን ጠየቀቻቸው።

ግርማ አንገቱን ደፋ። እኔ የያዝኩትን ሳህን አየሁ።

«መጥታ ነበር» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነው። «አንድ ቀን ብቻ።»

ሴትዮዋ እንኳን ዓይኗን አዩት አለች፤ ወሬውም ወደ ሌላ ሄደ።

ዝም ማለቴ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ፤ የሚፈርድልኝም የሚፈርድብኝም አላገኘሁም። የማይለቀኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ፎቶ የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። የእናቲቱ ትከሻ ከልጅቷ ትከሻ ጋር የት እንደተጋጠመ፣ ብርሃኑ የት ላይ እንዳልተስማማልኝ አውቃለሁ። ሱቄ ውስጥ ፋይሉን ስከፍተው መጋጠሚያው ወዲያው ይታየኛል። እሳቸው ቤት ግን፣ ከግድግዳው ላይ፣ ያን ቀን ቆሜ ብዙ ፈለግኩት። አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህም በሄድኩ ቁጥር ሰው ሳያየኝ እፈልገዋለሁ።